የጃፓንኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር፦ ባዶ ካሬ ብቻ እየወጣብኝ ነው፣ እስከ አርብ ማድረስ አለብኝ

ቱሉዲምቱ_ጽሕፈት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የልጆች የቤት ሥራ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ዛሬ የመጣልኝ ግን እጄ ነክቶት የማያውቅ ሥራ ነው።

ደንበኛዬ ገላን አካባቢ ያለ ፋብሪካ ውስጥ የካይዘን (ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ) ቡድን መሪ ነው። በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አሳየኝ። ግድግዳ ላይ ብዙ የኖረ ፖስተር ነው። ጠርዙ ተቀዷል፣ ቀለሙም ነጥቷል። 5ቱ ማዎች በአማርኛ ተዘርዝረዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከእያንዳንዱ በላይ ጃፓንኛው አለ። «እንደ አዲስ ጻፍልኝና በኤ3 ስድስት ፍሬ አውጣልኝ። ከግርጌው ማጨስ ክልክል ነው የሚል በጃፓንኛ ጨምርበት። አርብ ከጃፓን እንግዶች ይመጣሉ» አለኝ። ጃፓንኛዎቹን ቃላት በላቲን ፊደል ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። የድሮ ፋይሎች ያሉበት ፍላሽም ሰጠኝ።

ችግሬ ይኸውላችሁ። የኤ3 ፕሪንተሩ የተገናኘው ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ፍላሹ ላይ ያለውን የዎርድ ፋይል ስከፍተው አማርኛው ደህና ነው። ጃፓንኛው ግን በሙሉ ባዶ ካሬ ሆነ። ሁለተኛው ፋይል ተራ ቴክስት ነው። እሱ ደግሞ የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት፣ ምንም የማይነበብ ነገር አወጣ። ቤት ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ አለኝ፤ ሊብሬ ኦፊስ ተጭኖበታል።

ፋይሎቹ ተበላሽተው ነው? የጃፓን ኪቦርድስ መግዛት አለብኝ? ሰውዬው ሌላ ቦታ ሄዶ እንዲያሠራ መንገር አልፈለግኩም። የምታውቁ እርዱኝ።

የማተሚያ_ቤት_ሰው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

ልጄ፣ አትደንግጥ። ፋይሎቹ ደህና ናቸው።

እኔ ሰበታ ነው የምኖረው፤ ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት ነው ያሳለፍኩት። በዚህ ነገር ሦስት ዓይነት በሽታ አለ። ለይተህ ካላወቅካቸው የዳነውን ፋይል ትገድላለህ።

ባዶ ካሬ ካየህ ፊደሉ አለ፣ የሚስለው ፎንት ግን የለም ማለት ነው። ኤክስፒ የምሥራቅ እስያ ፎንቶችን ካልጫንክለት አይኖሩትም። ያንኑ ፋይል ላፕቶፕህ ላይ ክፈተው፤ ይነበባል።

የላቲን ዝብርቅርቅ ካየህ ደግሞ ፎንት አይደለም ችግሩ። ፋይሉ የተጻፈበትን የኮድ ሠንጠረዥ ኮምፒውተሩ አላወቀም። ጃፓኖች ሺፍት ጂስ የሚባል የራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው። በሱ የተቀመጠ ቴክስት በአውሮፓ ሠንጠረዥ ሲከፈት ይዘበራረቃል። ይህንን እነሱ ሞጂባኬ ይሉታል፤ ሞጂ ፊደል፣ ባኬ መለወጥ እንደ ማለት ነው። ሊብሬ ኦፊስ ላይ ፋይል ስትከፍት ከፋይል ዓይነቶቹ መካከል «ቴክስት ቹዝ ኢንኮዲንግ» የሚለውን ምረጥ። ከዚያ ጃፓንኛ ሺፍት ጂስን ስጠው። እንደተዘበራረቀ ግን በምንም ዓይነት ሴቭ እንዳታደርገው።

ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት ነው። በፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካየህ፣ ያ ፋይል አንድ ጊዜ ጃፓንኛ በማይችል ሠንጠረዥ ተቀምጧል። ፊደሉ ጠፍቷል። ከሌላ ቅጂ ነው የምትመልሰው።

እኛም ይህንን እናውቀዋለን። ከዩኒኮድ፣ ማለትም የብዙ ቋንቋ ፊደላትን በአንድ ላይ ከያዘው የኮድ ሠንጠረዥ፣ በፊት የተጻፉ የአማርኛ ደብዳቤዎችን ያንን የድሮ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ክፈት። ያው ነው የሚሆነው። ስንት የታሪክ ጽሑፍ በዚህ ምክንያት «ተበላሽቷል» ተብሎ እንደተጣለ ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሱሉልታ_27
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ኪቦርድ አትግዛ። ያለህ ይበቃል።

ላፕቶፑ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ከዚያ ላንጉዌጅ ግባ። አድ ኤ ላንጉዌጅ በልና ጃፓንኛን ምረጥ። ያወርዳል፤ ዳታህን አዘጋጅ። ሲጨርስ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘህ ስፔስ ባሩን ስትጫን ቋንቋው ይቀያየራል። ከታች በቀኝ በኩል የላቲን ኤ ከታየህ ገና በላቲን ነህ ማለት ነው። አልትን ይዘህ ከታብ በላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫን። የሂራጋና (የጃፓንኛ የድምፅ ፊደል) «አ» ትመጣለች፤ ትንሽ ጠመዝማዛ ነገር ናት።

አጻጻፉ ሦስት እርምጃ ነው። ድምፁን በላቲን ትመታለህ፣ በስፔስ ባር ካንጂ (ትርጉም የሚይዙትን፣ በአብዛኛው ከቻይና የመጡ ፊደላት) ታስመርጣለህ፣ በኢንተር ታጸድቃለህ። ይህንን የሚሠራው ፕሮግራም አይኤምኢ ይባላል።

ሊብሬ ኦፊስ ውስጥ ደግሞ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ላንጉዌጅ ሴቲንግስ ሂድ። ኤዥያን የሚለው ላይ ምልክት አድርግ። ያለሱ ብዙ የጃፓንኛ መሣሪያዎች ሜኑው ላይ አይታዩም።

ቱሉዲምቱ_ጽሕፈት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልክ እንዳሉት ነው። ላፕቶፑ ላይ ካሬዎቹ በሙሉ ፊደል ሆኑ። ቴክስቱንም በሺፍት ጂስ ስከፍተው ተነበበ፤ የድሮ የስብሰባ አጀንዳ ነው መሰለኝ፣ ለፖስተሩ አይጠቅመኝም።

ሱሉልታ ወንድሜ፣ አንተንም አመሰግናለሁ። ጫንኩት። መጀመሪያ የሞከርኩት ካይዘን የሚለውን ነው። ኬ ስመታ የላቲን ኬ ወጣች። ኤ ስጨምር ሁለቱ አንድ ላይ ተጣጥፈው «ካ» ሆኑ። ከዚያ «ኢ»፣ ከዚያ «ዜ»፣ ከዚያ «ን»። ከሥራቸው የነጥብ መስመር ተሰምሮባቸዋል። ስፔስ ባሩን ስነካ አራቱ ፊደላት ጠፍተው በቦታቸው ሁለት ካንጂ ቁጭ አሉ። ፎቶውን አጠገቡ አድርጌ አየሁት። ፖስተሩ አናት ላይ ያለው ራሱ ነው!

በየሥልጠናው ስንት ጊዜ ካይዘን ሲባል ሰምቼአለሁ። ሲጻፍ ግን በዓይኔ ያየሁት ዛሬ ነው። ባለቤቴንም ጠርቼ አሳየኋት።

ነገ አምስቱን ቃላት ከወረቀቱ ላይ እመታለሁ።

ጀሞ_ካንጂ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ወንድሜ፣ ከመምታትህ በፊት ይህን አንብብልኝ። እባክህ።

እኔ ጃፓንኛ ተማሪ ነኝ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጽሑፎቼን በሙሉ ጀሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኮምፒውተር ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ላይ ያልሠራሁት ስህተት የለም።

ፊደል ለቆጠረ ሰው ሂራጋና እንግዳ አይደለም። አንዱ ምልክት ድምፁን ከነአናባቢው ይይዛል፦ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። መሠረታዊዎቹ 46 ናቸው። ካታካናም እንዲሁ 46፤ እሱ የውጭ ቃል መጻፊያ ነው። የኛዎቹ ከ፣ ኩ፣ ኪ ዘመድ መሆናቸው በመልካቸው ያስታውቃል። የነሱ ግን እያንዳንዱ የየራሱ መልክ አለው። ሳድስም የላቸውም። «ክ» ብለህ ለብቻው መጻፍ አትችልም። ያለችው ሳድስ «ን» ብቻ ናት። ብዙ ጣጣ የሚመጣውም በሷ ነው፤ በኋላ እነግርሃለሁ።

ጥብቅና ላላም አላቸው። እኛ «ገና» ብለን ስንጽፍ የበዓሉ ይሁን ያልደረሰው ከዐረፍተ ነገሩ ነው የምናውቀው። እነሱ ግን ሲጠብቅ «ትሱ» የምትባለውን ፊደል አሳንሰው ይጨምሩበታል። ስትመታ ተነባቢውን ሁለት ጊዜ ነው። «ኪቴ» በአንድ ቲ መጥቶ ማለት ነው። በሁለት ቲ ሲጠብቅ የፖስታ ቴምብር ይሆናል።

አሁን ወደ አንተ ሥራ። ያ ወረቀት ላይ ያለው የላቲን ጽሑፍ ያታልልሃል። ለአንባቢ እንጂ ለኪቦርድ የተጻፈ አይደለም።

ሦስተኛውን ቃል ተመልከት። ሥልጠና ላይ «ሴይሶ» ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ መጨረሻው ኦ ነው። እንደዚያ ከመታኸው የሚወጣው ካንጂ ንጹሕና ጨዋ መልክ ያለው ማለት ይሆናል። የኛው ማጽዳት «ኦ» ይረዝማል። ከኦ በኋላ ዩ መጨመር አለብህ። ዩ ጨምረህም እንኳ ዝርዝሩ ውስጥ ለወግ የሚለበስ ሙሉ ልብስ ማለት የሆነ ቃል አለ። ድምፃቸው አንድ ነው።

የመጀመሪያው ከዚህ ይብሳል። «ሴይሪ» ማጣራት ነው። በዚያው ድምፅ ግን የወር አበባ ማለት የሆነም ቃል አለ። የሁለቱም ሁለተኛ ፊደል አንድ ነው፤ ልዩነቱ መጀመሪያው ላይ ነው። ትክክለኛው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ 16 ጭረት አለው። የሌላኛው 5 ጭረት ብቻ ነው፣ ቀለል ያለ። እንግዶች ፊት የሚሰቀል ነገር ነውና ይህችን ሁለት ጊዜ እይልኝ።

የቆሎ ትምህርት ቤት መምህራን ሠረቀ እና ሰረቀ የሚሉትን ታውቃለህ። በንጉሡ «ሠ» ሲሆን ፀሐይ ወጣች፣ በእሳቱ «ሰ» ሲሆን ሌባው ወሰደ። ጆሮ አይለየውም፤ ዓይን ነው የሚለየው። ጃፓንኛ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ድምፅህን ሰምቶ ዝርዝር ያቀርብልሃል። ከዝርዝሩ የቱን እንደፈለግክ ግን ሊያውቅልህ አይችልም። በአብዛኛው የሚገምተው ባለፈው ከመረጥከውና ከጎረቤት ቃላት ተነስቶ ነው። ነጠላ ቃል ስትመታ ጎረቤት የለም፤ ስለዚህ ይሳሳታል።

ቃሉን አጽድቀህ ከሆነ መደምሰስ የለብህም። ምረጠውና የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘህ ወደ ቀኝ ያዘነበለችውን የጭረት ቁልፍ ተጫን። ዝርዝሩ ይመለሳል።

ለገጣፎ_ጋራዥ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

ይቅርታ፣ ጉዳዩ ላይ ጉዳይ ልጨምር። እኔ መካኒክ ነኝ። ከጃፓን ያገለገሉ መኪኖች ሲመጡ በየቦታው ተለጣፊ ጽሑፍ አለ። መጻፍ ሳይሆን ማንበብ ነው የምፈልገው። ድምፁን የማላውቀውን ፊደል በምን ልመታው? አሁን እጄ ላይ ያለው የነዳጅ ክዳን ላይ ነው። መጀመሪያ ያለው ፊደል ከሥሩ አራት ትናንሽ ነጥቦች ተደርድረውበታል።

ጀሞ_ካንጂ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡02

የያዝከው ጥሩ ጥያቄ ነው። አይኤምኢውን ከጫንክ በኋላ ከታች ያለችውን «አ» በቀኝ ክሊክ አድርግና አይኤምኢ ፓድ የሚለውን ክፈት። ባዶ ሰሌዳ ይመጣል። በማውሱ ፊደሉን እንዳየኸው ሳለው፤ እያንዳንዱን ጭረት በሳልክ ቁጥር የሚመስሉትን ፊደላት በጎን ይደረድርልሃል። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ብትስል ቶሎ ይገባዋል። ስልክ ላይም የጃፓንኛ የእጅ ጽሑፍ ኪቦርድ አለ፤ ጋራዥ ውስጥ እሱ ሳይሻልህ አይቀርም።

ነዳጅ ክዳን ላይ ሆኖ አራት ነጥብ ያለው «ሙ» ይመስለኛል። የሌለበት ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው በግራው የብረት ምልክት ካለው «ኤን» ነው፣ እርሳስ። አንድ ላይ እርሳስ የሌለበት ይላል። ከዚያ የሚከተሉት ቀጫጭን፣ ማዕዘን ማዕዘን ያላቸው ፊደላት ካታካና ናቸው። ጋሶሪን ይላሉ፤ ቤንዚን ማለት ነው። ሳለውና አረጋግጥ።

ለገጣፎ_ጋራዥ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ሣልኩት። ራሱ ነው። ስንት ዓመት ሳየው የኖርኩት ነገር። ተባረኪ እህቴ።

የማተሚያ_ቤት_ሰው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

ይህንን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ልንገራችሁ ብዬ ተነሳሁ።

ዛሬ ስፔስ ባር ነክታችሁ ካንጂ የምታወጡት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከዚያ በፊት የጃፓንኛ ታይፕራይተር ነበር። ሱጊሞቶ ኪዮታ የሚባል ሰው ነው በ1915 እ.ኤ.አ. የሠራው። ወደ 2,400 የሚሆኑ የብረት ፊደላት ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ እየፈለገች ታነሳለች፣ ትመታለች፣ ትመልሳለች። ቦታቸውን በቃሏ ማወቅ አለባት። እኔ የብረት ፊደል ለቅሜአለሁ፤ ጣትና ወገብ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። የኛ ፊደል ከነዝርዝሩ 231 ነው፤ እሱም አድክሞናል። ኢንጂነር አያና ብሩ አማርኛን በታይፕ ቁልፍ ላይ ለማስቀመጥ ምን ያህል እንደለፉ የሚገባው በእጁ ያየ ሰው ነው።

በ1978 እ.ኤ.አ. ቶሺባ የመጀመሪያውን የጃፓንኛ ቃል ማቀናበሪያ ይፋ አደረገ። ጄደብሊው 10 ይባላል። ክብደቱ 220 ኪሎ ግራም፣ ዋጋው 6.3 ሚሊዮን የን። ኪሎውን አስቡት፤ ሁለት ኩንታል ጤፍ ከነምናምኑ ማለት ነው። ዋናው ነገሩ ግን ክብደቱ አይደለም። ድምፁን በካና (በሂራጋና ወይም በካታካና) ሲመቱለት ወደ ካንጂ መቀየር የቻለ ማሽን ነበር። ዛሬ የቱሉ ዲምቱው ልጃችን በአሥር ሴኮንድ የሠራውን ሥራ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ጃፓኖች ለኮምፒውተር የፊደል ስታንዳርድ አወጡ። 6,802 ምልክት፣ ከነዚህ ውስጥ 6,349 ካንጂ። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶኩሺማ ያለው ጀስት ሲስተምስ ኢቺታሮ የሚባለውን ፕሮግራም ለግል ኮምፒውተር አወጣ። ጃፓን በየቢሮው በሱ ጻፈ።

የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው ዕትም ነው። ያ ባይሆን ይህ ፖስተር አይኖርም። በሺፍት ጂስ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። በኛ የድሮ ፎንቶች ውስጥም አንድም ካንጂ የለም። ማጣራት የሚለው ቃል ከጃፓንኛው ጎን በአንድ ፋይል ውስጥ የተቀመጠው ሁለቱም አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ቁጥር ስላገኙ ነው።

ቱሉዲምቱ_ጽሕፈት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

ሠራሁት! ሁለት ጊዜ መብራት ጠፋብኝ፤ ላፕቶፑ ባትሪ ባይኖረው አልቆልኝ ነበር።

አምስቱን ቃላት እህቴ እንዳለችው አንድ በአንድ ከፎቶው ጋር አመሳከርኩ። ሴይሪ ላይ እውነትም መጀመሪያ የወጣው ቀለል ያለው ነው። ወደ ታች ወርጄ ጥቅጥቁን መረጥኩ። ሴይሶ ላይ ዩ ጨመርኩ። በኤክስፒው እንዳይበላሽብኝ ከላፕቶፑ ላይ ፒዲኤፍ አድርጌ አውጥቼ፣ በፍላሽ ወስጄ አተምኩት። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚሄድ አንድም ካሬ አልወጣም።

ማጨስ ክልክል የሚለውንም በወረቀቱ ላይ እንዳለው መታሁ። ኬ፣ አይ፣ ኤን፣ ኢ፣ ኤን። ይህችኛዋ ፎቶው ላይ ስለሌለች የማመሳክርበት አልነበረኝም። ስድስቱንም አውጥቻለሁ። ፎቶውን አያይዣለሁ፤ እዩልኝ።

ጀሞ_ካንጂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ወንድሜ፣ አትስጣቸው። አምስቱ ቃላት ፍጹም ናቸው። ከግርጌ ያለው ግን ማጨስ ክልክል አይልም። መታሰቢያ ነው የሚለው።

ያቺን «ን» በኋላ እነግርሃለሁ ብዬ ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። «ን» ከአናባቢ በፊት ስትመጣ ኮምፒውተሩ ከአናባቢው ጋር ያዋህዳታል። አንተ «ኪን» ብለህ ቆም ብለህ «ኤን» ማለት ፈልገሃል። እሱ ግን «ኪ፣ ኔ፣ ን» ብሎ አነበበህ። ኪኔን መታሰቢያ ነው። ኪን ኤን ነው ማጨስ ክልክል። ስለዚህ መሐል ላይ ኤን ሁለት ጊዜ ምታ፦ ኬ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤን፣ ኢ፣ ኤን። ከዚያ ስፔስ። የሚወጣው የመጀመሪያው ፊደል ከላይ ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን የቆመ ይመስላል። የሁለተኛው ግራ ጎን እሳት ነው።

ሰላምታ ላይም ይኸው ነው። ኮንኒቺዋን በትክክል ለማውጣት ኤንን ሦስት ጊዜ መምታት አለብህ፤ ሁለቱ ለ«ን»፣ አንዱ ለ«ኒ»። መጨረሻውም «ዋ» ተብሎ ቢነበብም «ሃ» ነው የሚመታው።

ቱሉዲምቱ_ጽሕፈት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡32

በስመ አብ! ልቤ ቀጥ አለ። ጃፓናውያን እንግዶች ፊት መታሰቢያ የሚል ፖስተር ልሰቅል ነበር።

አሁን ደግሜ መታሁት። ሁለቱ ዛፎች አሉ፣ እሳቱም አለ። ስድስቱን ወረቀት ጣልኳቸው፤ ይሁን፣ ከስም አይበልጥም። ጥፋትሽ አይደለም እህቴ። ማመሳከሪያ የሌለኝን ቃል ሳልጠይቅ ማተም አልነበረብኝም።

ሱሉልታ_27
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

እንደገና የምታትመው ከሆነ ሁለት ነገር ልጨምርልህ።

አንደኛ፣ ፎንቱን እይ። ፎቶህን ሳጎላው ጃፓንኛው በቻይንኛ ፎንት የወጣ ይመስላል። ዩኒኮድ ለቻይናም ለጃፓንም አብዛኛውን ካንጂ አንድ ቁጥር ነው የሰጠው። ፎንቱ የቻይና ከሆነ የአንዳንዱ ፊደል ጭረት በቻይና ወግ ይወጣል። አጥንት የሚለው ፊደል ለምሳሌ ከላይኛው ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ማዕዘን ወደ ሌላ ጎን ትዞራለች። ጃፓናዊ ያነበዋል፣ ግን ዓይኑን ይኮረኩረዋል። ጽሑፉን ምረጥና ቋንቋውን ጃፓንኛ አድርገው። ፎንቱን ደግሞ ዩ ጎቲክ ወይም ኖቶ ሳንስ ጃፓንኛውን ስጠው። ሊብሬ ኦፊስ ለእስያ ጽሑፍ የራሱ የፎንት ቦታ አለው፤ የአማርኛውን ኒያላ አይነካብህም።

ለፖስተር ጎቲክ ይሻላል፤ ጭረቱ እኩል ውፍረት አለው፣ ከሩቅ ይነበባል። ሚንቾ የሚባለው ቀጭንና ወፍራም ጭረት ስላለው ለመጽሐፍ ነው የሚያምረው።

ሁለተኛ፣ ፉሪጋና ጨምርበት። ጃፓኖች ከካንጂው በላይ በትናንሹ ንባቡን የሚጽፉት ነገር ነው። ፎርማት ውስጥ ኤዥያን ፎኔቲክ ጋይድ የሚል አለ። ቃሉን መርጠህ ክፈተውና ንባቡን ሙላ።

ጀሞ_ካንጂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡11

ሱሉልታ፣ ግሩም ሐሳብ ነው! ግን ለምን በሂራጋና? የፋብሪካው ሠራተኛ ሂራጋና አያነብም። ሳጥኑ የፈለግከውን ፊደል ይቀበላል። በኛው ፊደል እንጻፈው። ከካንጂው በላይ ሴይሪ፣ ሴይቶን፣ ሴይሶ፣ ሴይኬትሱ፣ ሺትሱኬ። ከሥር ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ሠራተኛው ድምፁንም ትርጉሙንም በራሱ ፊደል ያገኘዋል። ጃፓናዊው እንግዳም የራሱን ቃል በኛ ፊደል ተነቦ ያየዋል።

የማተሚያ_ቤት_ሰው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይህ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ልጆቼ። ፊደላችን በሰው ቋንቋ ራስ ላይ ንባብ ሆኖ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

አንድ የሙያ ነገር። አራት ነጥቡን ከቃሉ ጋር አጣብቀው። ብዙ ሰው ከፊቱ ስፔስ ይመታል፤ መስመር ሲሞላ አራት ነጥቡ ብቻውን ወርዶ የሚቀጥለው መስመር አናት ላይ ይቀራል። ጃፓኖች ይህንን በጣም ይጠየፋሉ፤ ኪንሶኩ የሚባል ሕግ አላቸው። የነሱ ማብቂያ ትንሽ ክብ ናት። መስመር እንዳትጀምር ፕሮግራሙ ራሱ ይጠብቃታል። የኛን የምንጠብቀው እኛ ነን።

ቱሉዲምቱ_ጽሕፈት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡40

ወገኖች፣ ሐሙስ ጠዋት አስረከብኩ።

የፊደሉ ፉሪጋና ሐሳብ ሰውዬውን በጣም ነው ያስደሰተው። ፖስተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበው፦ ሴይሪ፣ ሴይቶን… ሺትሱኬ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይቺ ብቻ ለምን አንድ ፊደል ሆነች?» አለኝ። እኔም ማታ ስመታት ገርሞኝ ለጀሞ እህቴ በውስጥ መስመር ጠይቄአት ስለነበር ነገርኩት። ግራው ሰውነት ነው፣ ቀኙ ውበት። ከቻይና ያልመጣች፣ ጃፓኖች ራሳቸው የሠሯት ፊደል ናት። በመደበኛነት ከሚማሯቸው 2,136 ካንጂዎች ውስጥ የለችም፤ ብዙ ጊዜ በሂራጋና ነው የሚጽፏት። በዚያው ድምፅ ሌላ አጻጻፍም አለ፤ የልብስ ሰፊ ጊዜያዊ ስፌት ማለት ነው። እኔ የመረጥኩት ሰውነትና ውበት ያለበትን ነው፤ ፎቶው ላይም ያለው እሱ ነው። ሰውዬው ትንሽ ዝም ብሎ አያት። «ማዝለቅ ብለን ብቻ ስንል ኖረናል» አለ። ዛሬ ጠዋት እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ይህችን ለሠራተኞቹ እንደሚነግር ነገረኝ።

ጀሞ እህቴ፣ የጽሑፍ ፈተናሽን ወደ ታች በሚወርድ አጻጻፍ ማተም እፈልጋለሁ ያልሽኝን አልረሳሁም። ሊብሬ ኦፊስ ላይ የገጹን ስታይል ከፍቼ የጽሑፉን አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ ቁልቁል አደረግኩት፤ ይሠራል። በአንድ ገጽ 20 በ20፣ 400 ካሬ ያለውን ወረቀትም በሠንጠረዥ አዘጋጅቼልሻለሁ።

ጀሞ_ካንጂ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሁለት ገጽ ነው፣ በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ። ኤንን ሁለት ጊዜ የሚፈልጉ ቃላትን ዝርዝርም ጽፌልሃለሁ፤ ኪቦርድህ አጠገብ ለጥፈው። ቅዳሜ በስንት ሰዓት ትከፍታለህ?

ቱሉዲምቱ_ጽሕፈት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡09

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አለሁ። ከታክሲ ስትወርጂ ደውዪልኝ፣ ወጥቼ እቀበልሻለሁ።